በጾም የተመታ ከበሮ

«በጾም ከበሮ መታ፤ ተቀሠፈ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ይህን ነገር ለጎረቤት ብለውታል፤ ለቀበሌው ብለውታል፤ አስከሬኑን ወደ ጎንደር ሊወስድ ለመጣው ሾፌርም ብለውታል። አሁን ደግሞ ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው፣ ለፖሊስ እያሉት ነበር። ወሬው ከእሳቸው አፍ ወጥቶ የደባርቅን ገበያ ይዞራል፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ ዳባት ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ እሳቸው ጆሮ ሲገባ እንደ አዲስ ደንግጠው «አቤት! አቤት!» ይላሉ።

«ማን ነው የቀሠፈው እትየ?» አለች ምክትል ኢንስፔክተር ሳጂዳ።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ከላይ ነዋ!»

«ከላይ ያለውን ጠርቼ ቃል መቀበል አልችልም። ከታች ካሉት ልጀምርና ካልሆነልኝ እመለስበታለሁ።»

ሳጂዳ የዳባት ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አጭር ናት፤ ሻርፗን ከኮፍያዋ ሥር አጥብቃ ታስራለች። ከሰው ፊት አስቀድማ የሰው እጅ የማየት አመል አለባት። አለቃዋ ያን ሐሙስ ጠዋት ሲልካት «የከሰል ጢስ ነው፤ ሄደሽ አይተሽ ዝጊው» ብሏት ነበር። ዝጊው የተባለችውን ነገር ሁሉ መክፈት ደግሞ ሁለተኛው አመሏ ነው።

ሟቹ ላቀው ነበር። በወጣትነቱ ጸጉሩን እስከ ትከሻው አሳድጎ፣ «ነጎድጓድ» በተባለው የሮክ ባንድ ጊታሩን እያስጮኸ አዲስ አበባን ያስጨፈረ ሰው ነው። ሕዝብ ግን የሚያውቀው ከፊቱ ቆሞ የሚዘፍነውን ማዕረግን እንጅ ከጀርባ ጎንበስ ብሎ የሚገርፈውን ላቀውን አልነበረም። ስድሳዎቹን አጋምሶ ወደ ተወለደበት ደባርቅ የተመለሰው በዕድሜው የመጀመሪያውን የብቻውን አልበም ሊቀዳ ነው። የወይዘሮ የሺወርቅን የድንጋይ ጎተራ ተከራየ። ግድግዳውን በበግ አጎዛ አለበሰው፤ ጣራውን ጭድ በሞላ ጆንያ ደፈነው። ረቡዕ ሊመሽ ሲል እዚያው ጎተራ ውስጥ ታጣፊ አልጋው ላይ ጋቢውን እንደለበሰ ሞቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም፤ ደም የለም። ከእግሩ ሥር አመድ የሆነ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል።

ያገኘችው ልጁ ሕሊና ናት። ሳጂዳ ስትደርስ ጎተራው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«መርማሪዋ አንች ነሽ?»

«ነኝ። እግዜር ያጽናሽ።»

«አሜን። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልግ» አለች ሕሊና። «ያሳደገችኝ አያቴ እዚህ ደብሩ ቅጽር ውስጥ ናት። ከጎኗ ልቅበረው። ሰበካው ተሰብስቦ ‹በጾም ከበሮ መትቶ የተቀሠፈ ሰው ፍትሐት የለውም፤ ቅጽር አይገባም› ብሏል። ሬሳው ነገ ከጎንደር ይመጣል። መጥቶ ወዴት ልውሰደው? እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ልጣለው?»

«ቄሱ ምን አሉ?»

«መምሬ ወልደ ሩፋኤልማ ‹እኔ ልቤ አይፈርድበትም ልጄ፤ ነገር ግን መንደሩ ሁሉ ከበሮውን ሰምቷል› አሉ። ሰምቷል። እኔ ምን ልበል?»

 ሳጂዳ የማትችለውን ቃል አትገባም። ጎንበስ ብላ ወደ ጎተራው ገባች።

ውስጡ ጆሮ ያፍናል። አጎዛው ድምፅን ሁሉ ስለሚውጠው የራሷ እርምጃ እንኳ የሌላ ሰው መሰላት። ከጣራው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ የተጠቀለለ አጎዛ ተወትፎባታል። ጊታሩ ጥቁር ማኅደሩ ውስጥ ነው፤ ዚፑ ተዘግቷል። ከበሩ ኋላ እህል ጆንያ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ስፒከር ተቀምጣለች።

ቀረጻውን የሚሠራው ሪያድ ነበር፤ ጣተ ረጅም የጎንደር ልጅ። በሩ ላይ ቆሞ መግባት ፈርቶ ያያታል።

«ና፣ አትፍራ። ይሄን ከሰል ማን አስገባው?»

«እሱ ነው የገረመኝ። እዚህ ቤት ከሰል ገብቶ አያውቅም።»

«ደባርቅ ላይ? በዚህ ብርድ?»

«ከሰል ይንጣጣል እኮ! አንዲት ‹ጣ!› ያለች እንደሆነ ማይኩ ይይዛታል፤ ቀረጻው ተበላሸ ማለት ነው። ጋሼ ላቀው ጣቱን በትንፋሹ እያሟሟቀ ይጫወታታል እንጅ እሳት አያስቀርብም። አንድ ቀን እትየ የሺወርቅ አዝነው ማንደጃ ይዘው ቢመጡ ከበር መልሷቸዋል።»

«መስኮቷስ?»

«ስንቀዳ እንወትፋታለን። ስናቆም መጀመሪያ የምትከፈተው እሷ ናት፤ አለበለዚያ እንታፈናለን። ረቡዕ ጠዋት ጎንደር ስሄድ ከፍቻት ነው የሄድሁ።»

«ለምን ሄድህ?»

«ገመድ ተቃጠለብን። ልገዛ ሄድሁ። ጋሼ ላቀው ‹እንግዲያ ለዛሬ በቃኝ፤ ተኝቼ እውላለሁ› አለና ጊታሩን እኔ ፊት ከተተው። ስመለስ ግቢው በለቅሶ ሞልቷል።»

ሳጂዳ የማኅደሩን ዚፕ ከፍታ አንዷን ክር በጣቷ ነካች። ክሯ ረግባ እንደ አሮጌ የጫማ ማሰሪያ ተንቀጠቀጠች።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ለቀቅ አድርጎ ነው የሚከተው። የዚህ አገር ብርድ የጊታሩን አንገት እንዳያጣምምበት ነው። ሥራ የጨረሰ ቀን ካልሆነ ማኅደር አያስገባውም። እንጅማ ውሃ ሽንት እንኳ ሲወጣ ግድግዳ አስደግፎት ነው።»

«እና ረቡዕ ከቀትር በኋላ መንደሩ የሰማው ጊታር ይሄ ነው?»

 «እኔ… አልነበርሁም። እነሱ ሰማን ካሉ…»

«እሺ። ይቺ ስፒከር ሁልጊዜ ከበሩ ኋላ ነው የምትቀመጥ?»

«ኧረ አይደለም! ቦታዋ ጠረጴዛው ላይ ነው። በገመድ ነው የምናሰማባት። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል ብሎ ጋሼ ላቀው አይወድም።» እጁን ሊያነሳት ሰደደ።

«አትንካት» አለች ሳጂዳ። አውጥታ በላስቲክ ከረጢት ከተተቻት። ሪያድ ሰው ሳይሆን ስፒከር የታሠረበት ይመስል ክፉኛ ደነገጠ።

ወይዘሮ የሺወርቅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ሳጂዳ ከጎናቸው ተቀመጠች። እንዝርቷ ስትሽከረከር ምላሳቸውም አብራ ትፈጥናለች።

«ረቡዕ ማን ማን መጣ እትየ?»

«ያ ዘፋኙ መጣ፤ ማዕረግ። ከምኩራብ ማግሥት ነው አገራችን የገባ፤ ሆቴል ነው የሚያድር። እኩለ ቀን ላይ መጣና ወደ ጎተራው ገባ። ወጣና ‹ላቀው ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት› አለኝ። ከዚያ እዚህ አጠገቤ ተቀመጠ። ጨዋታ ያውቃል መቸም። ግን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ሻይ በወተት አለ ወይ?› በዐቢይ ጾም! እኔ ለላሚቱ አፈርሁላት።»

ሳጂዳ ሳቀች። «እሱስ ምን አለ?»

«‹አሃ፣ ጾም ነው ለካ› አለ። ለካ! እግዜር ያሳይሽ። ከዚያ ቆየት ብሎ ጊታሩ ጮኸ። ‹ተነሣ፤ ጀመረ› አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ከበሮው ተከተለ። አማተብሁ። ከበሮ! በጾም! ዝም ብለን እንሰማለን፤ ምን እናድርግ? ሲያልቅ ማዕረግ ተነሥቶ ‹ሥራ ላይ ነው፤ አልረብሸውም› ብሎኝ ሄደ። ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ሲወጣ በዓይኔ ሸኝቼዋለሁ።»

«‹ተነሣ፤ ጀመረ› ያለው እሱ ነው ወይስ እርስዎ?»

«እሱ ነው አልሁሽ እኮ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ አለምነህ እንደ እብድ እየሮጠ መጣ። ለላቀው ከበሮ የሚመታለት እሱ ነው፤ የደብሩ አገልጋይ ሆኖ ሳለ! በሩን በጡጫ ይደበድብ ጀመር። ‹ክፈቱ! ክፈቱ!› ይላል። የመለሰለት የለም፤ ሄደ። ሲመሽ ሕሊና የጾም ምግብ ይዛ መጣች። የሆነውን ታውቂዋለሽ።» እንዝርቷን አቆሙ። «በጾም ከበሮ መታ፤ ተቀሠፈ።»

«ማንደጃው የማን ነው?»

«የኔ ነዋ። ማዕድ ቤት አቀጣጥዬው ነበር። ዘወር ብል የለም። ማን እንደወሰደው እንጃ።»

ማዕረግ የተገኘው ሆቴሉ በረንዳ ላይ ነው። ጸጉሩ ብር መስሏል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ በሁለት ጆሮዎቹ ነጫጭ ሽቦ አልባ ማዳመጫ ሰክቷል። አስተናጋጆቹ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። አንዲት ልጅ አብራው ፎቶ ልትነሣ እየጠበቀች ነበር። ሐዘኑን ያውቅበታል፤ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ነው።

«ወንድሜ ነበር» አለ ማዳመጫውን ከጆሮው እየነቀለ። «አርባ ዓመት። ስንጣላ ስንታረቅ። አልበም እየሠራ መሆኑን ስሰማ መጣሁ፤ ላበረታታው።»

«አዩት?»

«አየሁት እንጅ። እያንዳንዱን ቀን አብረን ነበርን። ረቡዕም እየተጫወተ ትቼው ነው የሄድሁት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ‹ገብቼ ልሰናበተው› ብዬ ነበር። እንዴት ይቆጨኛል መሰለሽ!»

«የተጫወተው እንዴት ነበር?»

«ግሩም ነበር። ጊታሩ ያው የላቀው ጊታር ነው። ከበሮዋም ሞቅ አድርጋዋለች።»

ሳጂዳ አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ ምንም እንዳልሰማች ሁሉ ሻርፗን አስተካከለች። «ነገ ጠዋት ሰው ሁሉ እዚያ ግቢ ይሰበሰባል። ይመጣሉ አይደል?»

«ለላቀው የማልመጣበት ቦታ የለም» አለ ማዕረግ። ማዳመጫውን መልሶ ሰካ።

ከበሮ መቺውን አለምነህን ግን ማግኘት ከባድ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ደብሩ ደጅ አላስጠጋው ብሏል፤ ጎረቤት አያናግረውም። ከቤቱ ኋላ የእንጨት ቁልል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጢሙ ያልተስተካከለ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

«ከዘወረደ ወዲህ ከበሮ አልነካሁም» አለ ሳትጠይቀው። «አንዴም! ለጋሸ ላቀው ነግሬዋለሁ። ‹እስከ ፋሲካ ሰቀልሁት፤ እኔን እንዳትጠብቅ› አልሁት። ደስ ብሎት ‹ያንተን ክፍል አስቀድመን ቀድተናል፤ በቃ› አለኝ። ሪያድንም ጠይቂው።»

«እሺ። በሩን ለምን ደበደብህ?»

 አለምነህ መዳፉን ገልብጦ አየው፤ ሌላ ሰው ያዋሰው ይመስል።

«ብነግርሽ እብድ ነው ትይኛለሽ።»

«ያበደ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አንተ አትመስልም።»

«እጄን ሰማሁት። በመንገድ ሳልፍ። ከበሮው ሲመታ፣ ምቱ የኔ ነው። እኔ ስመታ ግራ እጄ ትንሽ ትዘገያለች፤ መምህሬ ሲገርፈኝ የኖረባት ናት። እሷው ራሷ! እኔ መንገድ ላይ ቆሜ፣ እጄ ጎተራ ውስጥ ይመታል። ሰይጣን ነው አልሁ። ሮጥሁ። ማንም አልከፈተልኝ።» መዳፉን ጨበጠ። «ለማን ልንገር? ማን ያምነኛል?»

«እኔ» አለች ሳጂዳ።

ልጅ ሆና የአባቷ ሱቅና የዳባት ቤተ ክርስቲያን አጥር አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በከበሮ ድምፅ ነው የምትነቃው። በዐቢይ ጾም ግን ድንገት ጸጥ ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁልጊዜ እንቅልፍ ታጣ ነበር፤ የለመደችው ድምፅ ቀርቶባት። የከበሮውን ዝምታ የማያውቅ በዚህ አገር ደብር አጠገብ ያልኖረ ሰው ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ግቢው ሞላ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሁለት የሰበካ ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ የሺወርቅ እንዝርታቸውን ትተው መጥተዋል፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሕሊና ከድንጋይዋ አልተነሣችም። አለምነህ ከሁሉም ርቆ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ሪያድ ጥፍሩን ይበላል። ማዕረግ መነጽሩን አውልቆ፣ ማዳመጫዎቹን ለአክብሮት ኪሱ ከትቶ መጣ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

ሳጂዳ መሐል ገባች።

«እትየ የሺወርቅ፣ ያሉትን ይድገሙልኝ እስኪ።»

«በጾም ከበሮ መታ፤ ተቀሠፈ» አሉ፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትንሽ አፍረው።

«ይኸው። ሁላችሁም ይህን ሰምታችሁ ‹ማን ቀሠፈው?› አላችሁ። ‹ማን መታው?› ያለ ግን አንድም ሰው የለም። መምሬ፣ ጾም ሲገባ ከበሮ ምን ይሆናል?»

«ይሰቀላል ልጄ። እስከ ትንሣኤ አይነካም። በመቋሚያ ብቻ ነው የምንዘምም።»

«አለምነህስ?»

«ሰቅሏል። በእኔ ፊት ነው የሰቀለው። በዚህ እንኳ አልጠረጥረውም ነበር፤ ነገር ግን ጆሮዬ ሰማ።»

«ጆሮዎ አልዋሸም። አለምነህም አልዋሸም። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ረቡዕ የተሰማው ከበሮ ጾም ሳይገባ የተመታ ነው። ቀረጻ ነበር።»

በግቢው ጉምጉምታ ተነሣ። ሳጂዳ እጇን አነሣች።

«ቆይ፤ አልጨረስሁም። ጊታሩም ቀረጻ ነበር። የላቀው ጊታር ማኅደሩ ውስጥ ነው፤ ክሩ ረግቧል፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው። ረግቦ እንደ ጫማ ማሰሪያ ከሆነ ክር መንደር የሚሰማው ድምፅ አይወጣም። እንግዲህ ‹ላቀው እየተጫወተ ነው› ሲባል ላቀው አልተጫወተም። ለምን? ሞቶ ነዋ። ወይም እየሞተ። ማንደጃው እሱ ሲተኛ ነው የገባው። ራሱ እንዳላስገባው ደግሞ ሪያድም፣ እትየም ያውቃሉ፤ ማይኩ ፍንጣሪ እንዳይሰማ ብሎ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ሪያድ ከፍቷት የሄደው መስኮት ተመልሳ ተወትፋለች። ሰው ያደረገው ነው።»

«የገደለው ሰው ለምን ዘፈን ይከፍታል?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ዝም ብሎ አይሄድም?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው አባቴ። ላቀው በሕይወት ያለ እንዲመስል ነዋ። ዘፈኑ ሲሰማ ገዳዩ በምስክር ፊት መቀመጥ አለበት። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ በሰላም ይሄዳል። ከእሱ በኋላ በር ያንኳኳ፣ ምግብ ያመጣ ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። እንግዲህ ማን ነው? አለምነህ በጾም ከበሮ አይከፍትም፤ ራሱን ሊያሰቅል ካልሆነ። ሕሊና እዚህ ደብር ጥላ ሥር ነው ያደገች። እትየ የሺወርቅ ለላሚቱ እንኳ የሚያፍሩ ሴት ናቸው። ሪያድ ሙስሊም ነው፤ ነገር ግን በጾሙ ምክንያት የቀረጻውን ተራ የቀየረ እሱ ነው፤ ደግሞም ጎንደር ነበር። እነዚህ ሁሉ ቀረጻ መክፈት ቢፈልጉ ከበሮ የሌለበትን ይመርጡ ነበር። ከበሮ ያለበትን የሚመርጠው፣ በጾም የከበሮ ድምፅ ነውር መሆኑን የማያውቅ ሰው ነው። በጾም የወተት ሻይ የሚጠይቅ ሰው። እኔን ራሴን ‹ከበሮዋም ሞቅ አድርጋዋለች› ያለኝ ሰው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ማዕረግ ዞረ። ማዕረግ ፈገግ አለ፤ የመድረክ ፈገግታ ነው፤ መብራቱ ግን አልነበረም።

«እኔ እትዬ አጠገብ ነበርኩ። ጎተራው ውስጥ ዘፈን የሚከፍት ሦስተኛ እጅ የለኝም።»

«እውነት ነው። ሪያድ፣ የከበሮው ቀረጻ ከአንተ ሌላ ማን ዘንድ አለ?»

ሪያድ መሬት መሬት አየ። «ጋሼ ማዕረግ ደውሎ ለመነኝ። የልጅነቴ ዘፋኝ ነው፤ እንዴት እምቢ ልበል? የቀዳነውን ሁሉ በሞባይል ላክሁለት። ጋሼ ላቀው አያውቅም።»

ሳጂዳ ከረጢቱን ከፈተች። ስፒከሯን አግዳሚው ላይ፣ ከመምሬ መቋሚያ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ይቺ ከበሩ ኋላ ነበረች፤ ለግቢው ቅርብ በሆነው ቦታ። ሪያድ በገመድ እንጅ በብሉቱዝ አያሠራትም። እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ ጠባይ አለው፤ ሲከፈት መጨረሻ የነበረበትን ሞባይል ይፈልጋል።»

ቁልፉን ተጫነች። ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም አለ።  ማዕረግ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ አንዱ ፖሊስ ክንዱን ያዘው። ስፒከሯ «ቲት» አለች፤ መብራቷ ቆሞ በራ።

ሳጂዳ የራሷን ሞባይል አውጥታ ደወለች። ከአግዳሚው ላይ፣ ከቄሱ ጎን፣ የማዕረግ መጥሪያ ጮኸ። «ከደጋ ቀረሽ» ነበር፤ አገር ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው፣ ማዕረግን ማዕረግ ያደረገው ዘፈን፤ በወጣት ድምፁ።

 ዘፈኑ ሁለት ስንኝ ዘለቀ። ከዚያ ሕሊና ከድንጋይዋ ተነሣች።

«አጥፊው» አለች። «አጥፊልኝ። እሱ ለኔ ነው የተሠራው። አባቴ ነው የሠራው፤ ጥሎኝ ሲሄድ።»

ሳጂዳ ዘጋችው።

«አውቃለሁ» አለ ማዕረግ። ድምፁ አሁን የሽማግሌ ነበር። «እኔም አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ‹ለማን ነው የጻፍከው?› ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። ላቀው አንድ ቀን ዋሾ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ይሄ ልጅ ቀረጻውን ላከልኝ። ላቀው ራሱ ዘፍኖታል። ድምፅ የለውም እኮ! የተሰነጠቀ፣ ብርድ የበላው ድምፅ ነው። ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «እኔ አርባ ዓመት ስዘፍነው እውነት አልነበረም። ያ አልበም ሲወጣ እኔ ማን ነኝ? መጣሁ። አንዲት ቃል ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ድሮ ያወራል፤ ስለ ዘፈኑ አይተነፍስም። ስንቅ አድርጎ የያዘብኝ መሰለኝ። ከዚያ ተኝቶ አገኘሁት።»

«መንቃት ይችል ነበር» አለች ሳጂዳ።

«ይችል ነበር። መስኮቷን ስወትፍ ቀና ብሎ አየኝ። ‹ብርዱን ዝጋልኝ፤ ተባረክ› አለኝና ተመልሶ ተኛ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ሊሉት የነበረው ነገር እዚያው ቀረ።

ፖሊሶቹ ማዕረግን ይዘው ወጡ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ፤ መጀመሪያ የሄዱት ወደ አጥሩ ጥግ፣ ወደ አለምነህ ነው። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት። አለምነህ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ወደ ሕሊና ዞሩ።

«ሬሳው ሲደርስ በቀጥታ ወደ ደብሩ ይምጣ። ፍትሐቱን እኔው አደርሳለሁ። ከእናቱ ጎን ነው የሚያርፍ። እኛንም ይቅር በይን ልጄ።»

ሰበካው የተናገረውን የሚያነሣ ሰው ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። አንደኛው ሽማግሌ እንዲያውም «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ሲል ሳጂዳ ሰምታዋለች።

ላቀው በማግሥቱ ተቀበረ። ካህናቱ ዝቅ ባለ ዜማ አዜሙለት፤ የመቋሚያዎቹ ጫፍ ብቻ መሬቱን ይመታ ነበር። ከስሜን በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ነጠላውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አጋደመው። ሳጂዳ ከቅጽሩ በር ውጭ ቆማ ጠበቀች። ሕዝቡ ሲበተን ሕሊና ወደ እሷ መጣች። ጫማዋ አፈር ሆኗል።

«አመሰግንሻለሁ» አለች። «የፈለግሁት ይሄን ብቻ ነበር። አገኘሁት።»

«አላህ ያጽናሽ።»

ሕሊና አልሄደችም። የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዝ ጀመር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ? ለፋይልሽ አይጠቅምም።»

«ንገሪኝ።»

«አባየ ያን ዘፈን ካልበሙ አውጥቶት ነበር። የራሱን ድምፅ። አንዴ ቀድቶ ሰማውና ‹ይሄ የማዕረግ ነው፤ እኔ ሠራሁት እንጅ ያኖረው እሱ ነው፤ መጥቶ ይዝፈንልኝ› አለ። የሱን ቁጥር ሰጠኝ። ‹አንች ደውይለት፤ ዘፈኑ ያንች ስለሆነ ካንች አፍ ይሻላል› አለኝ። ጾሙ ሊገባ ሲል ነው።»

ሳጂዳ ነጠላውን የምትጠመዝዘውን የሕሊናን እጅ አየች።

«በአባቴ ድምፅ እንዲሆንልኝ ፈለግሁ። ስለዚህ አልደወልሁም። ‹ነገርሁት፤ ይመጣል› አልሁት። ማዕረግ ሲመጣ አባየ ሰምቶ የመጣ መሰለው። ነገሩን ማዕረግ ራሱ እስኪያነሣው ድረስ እየጠበቀው ነበር።»